ለወንድሜ የሠራሁለት ባለ ሦስት ጎማ

እኔ ስለ ጅኒና ስለ ቡዳ ሲወራ ጉርሻዬን ሳላቋርጥ የምበላ ሰው ነበርኩ፣ ጎባ መጥተህ ማንንም ብትጠይቅ ይነግርሃል፣ ላም ነጠፈች ሲሉኝም፣ የእገሌ ልጅ አበደ ሲሉኝም መልሴ አንድ ነው፣ «ካንዴላው ቆሽሾ ይሆናል» እልና እስቃለሁ። ጠበል የሚወርደውን አከብራለሁ፣ ሼክ ሁሴን ድረስ በእግሩ የሚሄደውንም አከብራለሁ፣ ለእኔ ለመካኒኩ ግን አልሠራ ያለ ነገር ሁሉ ውስጡ አንድ የተበላሸ ዕቃ አለው፣ ዕቃው ተፈልጎ ይገኛል፣ ይለወጣል፣ አለቀ። መጸየፍ የሚባል ነገርም አላውቅም ነበር። የተገጨ ውሻ ከጭነት መኪና ሥር በእጄ ፍቄ አውጥቼ፣ እጄን በላምባ ታጥቤ ምሳዬን የበላሁ ሰው ነኝ። ይኼን የምነግርህ ለጉራ አይደለም፣ ዛሬ ቅቤ ሲነጠር አፍንጫዬን ይዤ ከቤት የምወጣው ለማ ድሮ እንዲህ እንዳልነበረ እንድታውቅልኝ ነው።

ነገሩ የመጣው በወንድሜ በጋሼ ተሾመ ነው። በስምንት ዓመት ይበልጠኛል፣ አባታችን ሲሞት ያሳደገኝም እሱ ነው፣ ሥራው የስልክ መስመር መጠገን ነበር፣ ሽቦ በትከሻው ጠምጥሞ ከጎባ ዲንሾ፣ ከሮቤ ጎሮ፣ ብርድ ሳይል ሐሩር ሳይል ሲሄድ የኖረ፣ በባሌ ያልረገጠው ኮረብታ የሌለ ሰው ነው። አንድ ክረምት ከስልክ እንጨት ላይ ወደቀ፣ እግሩ ተሰበረ፣ ቁስሉ አመረቀዘ፣ ሐኪሞቹም ነፍሱን ለማትረፍ ቀኝ እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆረጡት። ሚስቱ ቀድማው ስለሞተች እኔ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ሰጠሁትና እዚያ ተቀመጠ። ተቀመጠ ስልህ በእውነት ተቀመጠ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በሩ ላይ። የባሰው ግን ሕመሙ ነው። የሚያመው የተቆረጠው ቦታ ቢሆን ጥሩ፣ የሚያመው የሌለው እግሩ ነው፣ አዎ፣ ተቆርጦ የተቀበረው። «ለማ፣ አውራ ጣቴን አንድ ሰው በጉጠት ይዞ ይጠመዝዘዋል» ይለኛል፣ የትኛውን አውራ ጣት እንደሆነ አልጠይቀውም፣ ላቡ በግንባሩ ሲወርድ ሳየው ግን እኔም አብሬው ጥርሴን እነክሳለሁ።

አንድ ቀን «ዓለሜ ከዚህ በር እስከዚያ አጥር ሆነ፣ የሮቤን ገበያ እንኳ ሳላይ ልሞት ነው» አለኝ። እኔም አፌ አመለጠኝና «ሞተር እሠራልሃለሁ ጋሼ፣ ባለ ሦስት ጎማ፣ ፍሬኑንም ማርሹንም በእጅህ የምታዘው» አልኩት። ሳቀ። ከወደቀ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው፣ ስለዚህ ቃሌ ያዘኝ።

እንጀራዬ የመንገድ ሥራ መኪኖች የሚጠገኑበት ጋራዥ ነበር፣ ከቤቴ ጓሮ ደግሞ በቆርቆሮ የከደንኳት የራሴ ወርክሾፕ አለችኝ፣ ሞርሳ አለ፣ ወናፍ አለ፣ ከጣሊያን ዘመን የቀረ መሰርሰሪያ አለ። የኋላዎቹን ሁለት ጎማዎች ከነአክስላቸው ከአንዲት ከተገለበጠች ትንሽ መኪና አገኘሁ፣ ለአካሉ ወፍራም የውሃ ቧንቧ ተገኘ፣ የጎደለኝ ሞተሩና የፊት ጎማው ነው። ይኼን ለጋራዡ ሾፌሮች ሳወራ አንዱ «ከጎሮ ወዲህ ኦቦ ቃሲም የሚባሉ ሽማግሌ ዘንድ የጣሊያን ሞተር ሳይክል አለ፣ በጣሊያን ጊዜ የገብስ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ የነበረ ነው፣ አሁን በረት ጀርባ ወድቋል» አለኝ። በሳምንቱ የጭነት መኪናው ወደዚያ ሲሄድ ተሳፍሬ ሄድኩ።

ኦቦ ቃሲም ጢማቸው በሂና የቀላ ረጅም ሽማግሌ ናቸው፣ «አካም ጅርታ» ብለው በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ፣ ወተት ሰጡኝ፣ የመጣሁበትን ስነግራቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ። ሞተሩንም በቅርብ አላሳዩኝም፣ ከሩቅ ቆመው በዱላቸው ጠቆሙኝ። ወዳጄ፣ ሃያ ዓመት ግድም ዝናብና ፀሐይ የተፈራረቀበት ብረት ምን ይሆናል? ይዝጋል አይደል? ይኼ አንድ የዝገት ነጥብ የለውም፣ ያብለጨልጫል። ሽታው ግን! ጥንብ ብልህ ውሸቴን ነው፣ ጥንብን አውቀዋለሁ። አፉን ሳይጉመጠመጥ የሰነበተ በሽተኛ ፊትህ ላይ ሲያዛጋብህ የሚመጣ ትኩስ ሽታ አለ አይደል፣ እሱ ነው፣ በቃ የአፍ ሽታ። ብረት እንዴት የአፍ ሽታ ይኖረዋል ብዬ ዞር ዞር ብዬ አየሁ፣ አይጥ ሞቶበት ይሆናል አልኩ።

«ምን ልክፈልዎት ኦቦ ቃሲም?»

«ሆማ! ምንም! ፉዲ፣ ውሰደው፣ ዛሬውኑ ውሰደው» አሉኝ።

ባለቤታቸው ከቤት ብቅ ብለው አፍንጫቸውን በሻሻቸው ይዘው «ኒ አጃኣ፣ ይገማል ልጄ፣ በገብሱ በኩል እንዳታሳልፈው» አሉ። ሾፌሩም «ይኼን ይዘህ ጋቢና አትገባም» ስላለኝ እስከ ጎባ ድረስ ከኋላ ከሞተሩ ጋር ተጫንኩ፣ ነፋስ እየመታኝ እንኳ ሽታው ከአፍንጫዬ አልወጣም።

ሥራውን ጀመርኩ። መጀመሪያ ዘይቱን ለማፍሰስ ብሎኑን ፈታሁ፣ የወረደው ዘይት አይደለም። ነጭ ነው፣ ይዝለገለጋል፣ ጥርስ የሚያወጣ ሕፃን ደረቱ ላይ የሚያንጠባጥበው ዓይነት ልጋግ ነው፣ ለብ ያለ ነው ደግሞ፣ በነሐሴ የጎባ ብርድ ለብ ያለ። ካምቢዮውን ስከፍት ግራሶ መስሎኝ በሁለት ጣቴ ዛቅ ያደረግሁት ነገር ቢጫ፣ ለስላሳ፣ የከረመ ቅቤ የሚመስል ነበር፣ በመካከሉም አጫጭር ጥቁር ፀጉር ተለውሶበታል፣ የሰው ቅንድብ የሚያህል። እጄን በሱሪዬ ጠረግሁ፣ ሱሪውን አወለቅሁ፣ አቃጠልኩት። ከቅቤ ጋር የተለያየሁት ያን ቀን ነው።

ሁሉንም ፈትቼ ሦስት ጊዜ በላምባ አጠብኩት። ማታ ከሥሩ ባዶ ሣህን አኑሬ እገባለሁ፣ ጠዋት ሣህኑ በልጋግ ሞልቶ አገኘዋለሁ። ጤዛ ነው እላለሁ። አንድ ቀን ኮፍያዬን መሪው ላይ ሰቅዬ ረሳሁት፣ ዓመት ሙሉ ላብ ጠጥቶ ጠርዙ ጨው የሠራ ኮፍያ ነው፣ በማግስቱ ሳገኘው ጨውም የለ፣ ዘይትም የለ፣ ርጥብና ንጹሕ ሆኖ ጠበቀኝ። አምነኝ፣ ይኼንንም ጤዛ ነው አልኩ፣ ሰው ማመን የማይፈልገውን ነገር በጤዛ ሲያመካኝ ምን ያህል እንደሚበረታ አታውቅም።

ባለቤቴ ዘነበች ግን ጤዛ አላለችም። እራት ላይ አፍንጫዋን ነፍታ «ሂድ እጅህን ታጥበህ ና» አለችኝ።

«ታጥቤያለሁ።»

«እንግዲያው አፍህን ታጥበህ ና።»

ታጠብኩ፣ በአመድ ፈተግሁት፣ ጤና አዳም አኘክሁ፣ ከዚያ በኋላም ቢሆን ወደ ግድግዳው ዞራ ነው የምትተኛው። እኔም ልቆጣት አልቻልኩም፣ ሽታው ለራሴ ይመጣኛል፣ ስተነፍስ የእኔ ይሁን የሌላ ሰው ትንፋሽ መለየት እያቃተኝ ነበር። የሚገርምህ ጋሼ ተሾመ ነው። በክራንቹ እየመጣ አጠገቤ ይቀመጣል፣ ብሎን ያቀብለኛል፣ «ምን ይሸታል ትላላችሁ? እኔን ምንም አይሸተኝም» ይላል፣ እንዲያውም እጁን በሞተሩ ላይ አሳርፎ እንደ ፈረስ አንገት ይደባብሰዋል።

ሥራው ግን ሥራ ነው፣ ቆንጆ አድርጌ ሠራሁት፣ ይኼን አልክድም። ፊት አንድ ጎማ፣ ኋላ ሁለት፣ ፍሬኑ በግራ እጅ፣ ማርሹ በቀኝ እጅ የሚሳብ በትር፣ ከኋላ ለእኔ መቀመጫ የሚሆን ሣጥን። የጣሊያኑን ኮርቻ ጥዬ በላም ቆዳ አዲስ ሠራሁ። ለተቆረጠው እግሩም በጉዞ እንዳይንገላታ የሚያርፍበት የቆዳ ኪስ ከሞተሩ ጎን ሰፋሁለት፣ ልኩን በእጄ ለክቼ፣ ከጉልበቱ ሥር እስከ ጉማጁ ጫፍ አንድ ስንዝር ከአራት ጣት።

ሞተሩን ባስነሳሁት ቀን ሳቅሁ፣ መሣቅ ከተባለ። ሞተር ሲነሳ ቱግ ቱግ ይላል፣ ይኼ ፕላቅ ፕላቅ ነው የሚለው፣ አፉን ከፍቶ የሚያላምጥ ባለጌ ሰው አጠገብ ተቀምጠህ ታውቃለህ? እሱን ነው። ካርቦራቶሩን ፈታሁ፣ ካንዴላውን ለወጥሁ፣ ማርሚታውን ጠቀጠቅሁ፣ ማላመጡን አልተወም። ጋሼ ግን አንዴ ኮርቻው ላይ ከወጣ በኋላ ማን ያስወርደዋል፣ «ሐሙስ ሮቤ ገበያ ነው፣ በዚህ እንሄዳለን» አለ።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ተነሳን፣ እሱ ፊት፣ እኔ ከኋላው ሣጥኑ ላይ። አየሩ ብራ ነበር፣ ሰው ሁሉ ከየቤቱ እየወጣ ያጨበጭባል፣ ጋሼም እጁን እያነሳ ሰላም ይላል፣ እውነቴን ነው የምልህ፣ ሽታውን ሁሉ ረስቼ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር። ከጎባ ወጥተን ትንሽ እንደወረድን ጉም መጣ። የባሌን ጉም ካላየኸው ነግሬህ አይገባህም፣ የፊት ጎማውን ማየት አቃተኝ፣ የሚታየኝ የጋሼ ጀርባ ብቻ ነው። ቀዝቃዛ መሆን ነበረበት፣ ጉሙ ግን ሞቃት ነው፣ ፊቴ ላይ እየመጣ ይመለሳል፣ ይመጣል ይመለሳል፣ ያ ሽታም አብሮት።

ጋሼ በድንገት ሳቀ፣ ተኮርኩሮ እንደሚስቅ ልጅ።

«ምን ሆንክ?» አልኩት።

«እኔ እንጃ፣ ከሥር ውሻ አለ እንዴ?»

«የምን ውሻ? እየሄድን እኮ ነው!»

«አንድ ነገር እግሬን ይልሰኛል።»

«የቱን እግርህን?»

ቀስ ብሎ «ቀኙን» አለኝ፣ «ጣቶቼን፣ አንድ ባንድ።»

በትከሻው ላይ አጎንብሼ ወደ ታች አየሁ። ሱሪው እንደ ወትሮው ታጥፎ ጉማጁ ኪሱ ውስጥ ነው፣ ኪሱ ግን ይንቀሳቀሳል። በመንገዱ ንቅናቄ እንዳልልህ መካኒክ ነኝ፣ የመንገድን ንቅናቄ አውቃለሁ። ትልቅ ጉርሻ የጎረሰ ሰው ጉንጭ አይተሃል? አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ይወጠራል፣ ይገባል፣ ይወጠራል። እኔ የሰፋሁት ቆዳ ነው፣ ስፌቱን አውቀዋለሁ።

«አቁም! ጋሼ፣ በማርያም አቁም!» ብዬ ጮህኩ።

ፍሬኑን ያዘ፣ ሞተሩን አጠፋ፣ ቆምን። ሞተሩ ጠፍቷል፣ ልብ በል፣ ቁልፉን ሲያዞር አይቻለሁ። ማላመጡ ግን አልቆመም። በዚያ ጉም ውስጥ ወፍ የለ፣ ነፋስ የለ፣ ፕላቅ፣ ፕላቅ፣ ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ የጣፈጠው ሰው እንደሚያላምጥ። ከዚያ ጸጥ አለ። ከዚያም ጉልህ ሆኖ፣ ሁለታችንም እየሰማን፣ ዋጠ።

ጋሼን በብብቱ ገብቼ ጎትቼ አወረድሁት፣ መሬት ላይ አስቀምጬ የሱሪውን እጥፋት ፈታሁ። ጨርቁ በዚያ ነጭ ልጋግ ተነክሮ ወደ ጣቴ ይሳባል። ጉማጁ ልብስ ስታጥብ እንደዋለች ሴት እጅ ነጥቶና ተጨማዶ ነበር። እኔ ስንት ጊዜ ያጠብኩለት ቁስል ነው፣ የሐኪሞቹ ስፌት ጠባሳ እንደ መቶ እግር ተጋድሞበት ነበር፣ አሁን ጠባሳ የሚባል የለም፣ ከብት የላሰው አሞሌ ጨው ሆኖ ለስልሷል። ከመንገዱ ዳር ሄጄ አስመለስኩ፣ ምንም እስከማይቀረኝ አስመለስኩ።

ስመለስ ጋሼ ያለቅሳል። ፈርቶ መስሎኝ ልይዘው ስል እጄን ገፋ አደረገ።

«አልታመምኩም ለማ» አለኝ፣ «ጸጥ አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ያልተወኝ ነገር አሁን ጸጥ አለ። እግሬ ሙቅ ውሃ ውስጥ የተነከረ ነው የሚመስለኝ።»

«ጋሼ፣ ይኼ ነገር...»

«አውቃለሁ፣ ሰምቻለሁ። አንሣኝና መልሰኝ።»

«አልመልስህም!»

ሲያሳድገኝ ተቆጥቶኝ የማያውቅ ሰው ነው፣ ያኔ ግን ጥርሱን ጭቃ እስኪነካው በደረቱ ተስቦ፣ በራሱ እጅ ኮርቻው ላይ ወጥቶ፣ ሞተሩን አስነስቶ ጉሙ ውስጥ ገባ። እኔ በእግሬ ተከተልኩት። ጉሙ ሲገለጥ ከፊቴ ያለው መንገድ ላይ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ያወጡት መስመር ይታያል፣ በመካከላቸው ደግሞ የፊት ጎማው መስመር ሊኖር በተገባው ቦታ ላይ ቀንድ አውጣ የሄደበት ዓይነት የሚያብረቀርቅ ርጥበት አለ። ረግጬው ላለመሄድ እስከ ሮቤ ድረስ በሣሩ በኩል ሄድኩ። እዚያ ስደርስ ገበያው መካከል ሰው ከቦት፣ ከገብስ ነጋዴዎች ጋር በኦሮምኛ እየቀለደ፣ እያሳቃቸው አገኘሁት፣ ፊቱ የሃያ ዓመት ልጅ ፊት መስሏል።

ከዚያ በኋላ ኦቦ ቃሲም ዘንድ ተመልሼ ሄድኩ። ገና ከሩቅ ሲያዩኝ «መልሰህ አመጣኸው እንዴ?» ብለው ከመደባቸው ተነሱ። አላመጣሁም ስላቸው ተቀመጡ።

«ይኼን ሞተር ማን ነበር የሚነዳው?» አልኳቸው።

«አንድ ጣሊያን» አሉኝ። «እኔ ያኔ ጎልማሳ ነበርኩ። ብቻውን ከብት ሊቆጥር መጣ። አባቴና ጎረቤቶቹ ያዙት፣ ሞተሩንም እሱንም ጉድጓድ ውስጥ አስገቡ፣ ድንጋይ ጫኑበት።»

«ሲያስገቡት ሞቶ ነበር?»

«አባቴ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም።» ሙስባሃቸውን ሁለት ሦስት ጊዜ ቆጠሩ። «ጣሊያን ከወጣ በኋላ ገብስ እናስገባ ብለን ከፈትነው። ሞተሩ አለ። ሰውየው የለም፣ ቶኮ ህንጅሩ፣ አንድም ነገር የለም፣ አጥንት የለም፣ ጫማ የለም፣ የሸሚዝ ቁልፍ እንኳ የለም። ድንጋዩ እንደተጫነ ነው። ወላሂ፣ የጉድጓዱ ግድግዳ የተላሰ ገበታ ይመስል ነበር። እኛም አውጥተን ጣልነው፣ ከዚያ ወዲህ ጥጃ በአጠገቡ አላስርም።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም ኦቦ ቃሲም?»

ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሱ «ብነግርህ ትወስደው ነበር?» አሉኝ።

ቤቴ እንደደረስኩ ትልቁን መዶሻ አንስቼ ወደ ወርክሾፑ ገባሁ። ጋሼ ኮርቻው ላይ ነው፣ በእኩለ ቀን፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ግንባሩን መሪው ላይ አስደግፎ ተኝቷል፣ ኪሱ ቀስ ብሎ ይወጠራል ይገባል። በእንቅልፉ ፈገግ ብሏል። መዶሻውን አነሳሁ፣ ዓይኑን ገለጠ።

«ምታው» አለኝ። «ከመታኸው ግን ዛሬ ማታ ጣቴን በጉጠት የሚጠመዝዘው ሲመለስ አጠገቤ ተቀምጠህ ታየዋለህ፣ ነገም፣ ከነገ ወዲያም፣ እስክሞት።»

«ሊበላህ ነው ጋሼ! ሰው በልቷል እኮ ይኼ!»

«ሁለት ዓመት በር ላይ ስቀመጥ የሚበላኝ ነገር አልነበረም ትላለህ?»

አንተስ ምን ትለው ነበር? መዶሻውን አስቀመጥኩት። ዘነበች ሁሉንም በር ላይ ቆማ ትሰማ ኖሮ «ጋሼ፣ እርስዎን እወድዎታለሁ፣ ይኼ ነገር እዚህ ግቢ ካደረ ግን እኔ አላድርም» አለች። ጋሼ አልተቀየማትም፣ ልብሱን ጠቅልሎ ሣጥኑ ውስጥ ከትቶ በዚያው በሞተሩ ሮቤ ገባ፣ ቤት ተከራየ፣ ከሮቤ ጎሮ ከሮቤ ዲንሾ መልእክት የሚያመላልስ ሰው ሆነ። አገሩ ሁሉ ያውቀዋል፣ ይወደዋል። በመንገድ ሲያልፍ አፍንጫቸውን እንደሚይዙ ግን አይቻለሁ፣ ለእሱ ሲሉ ዘወር ብለው ነው የሚይዙት።

በስድስተኛው ወር ግድም ጎባ መጣ። «ኪሱ ሰፋኝ፣ አጥብብልኝ» አለኝ። ቆዳ ይለጠጣል ብዬ ለካሁ። ኪሱ እንዳለ ነው፣ አንድ ስንዝር ከአራት ጣት። ከዚያ እግሩን ለካሁ። አንድ ስንዝር የለም። ቀና ብዬ አየሁት፣ «አውቃለሁ» አለኝ፣ ጥፍሩን ስለ መቁረጥ እንደሚያወራ ሰው። ምን አደረግሁ መሰለህ? መርፌና ጅማት አምጥቼ ኪሱን አጠበብኩለት። በገዛ እጄ፣ ለዚያ አፍ፣ ለክቼ ሰፋሁለት። ሽታውንም፣ ልጋጉንም፣ ያንን ቅቤ መሳይ ነገርም ሁሉ እረሳው ይሆናል፣ ይኼን ግን አልረሳውም፣ ራሴን መጸየፍ የጀመርኩት ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። ከዚያም በኋላ ሁለት ጊዜ መጣ፣ ሁለት ጊዜም ሰፋሁ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ሮቤ ሄጄ ጠየቅሁት። ቤቱ በር ላይ ፀሐይ ይሞቃል፣ ወፍሯል፣ ፊቱ ይወዛል፣ ጭኑ ላይ ጋቢ ጣል አድርጓል፣ ጋቢው ከወገቡ እምብዛም ሳይርቅ ወደ መሬት ይወርዳል፣ ከሥሩ ምን እንደቀረ ልጠይቅ አልደፈርኩም። ሞተሩ አጠገቡ ቆሟል። ልቀመጥ ስል ጉልበቴን ይዤ አቃሰትኩ፣ ዕድሜ ልኬን ቀዝቃዛ ሲሚንቶ ላይ ስንበረከክ ኖሬ ዘንድሮ ጉልበቴ እንቅልፍ ነስቶኛል፣ ለዘነበች እንኳ ብዙ አላወራላትም።

ጋሼ አየኝ። ያሳደገኝ ሰው ነው፣ ሕመሜን ሳልነግረው ያውቀዋል። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ በሚያሳዝን ርኅራኄ፣ «ና እስቲ ትንሽ ተቀመጥበት፣ ለአፍታ፣ እኔ እይዘዋለሁ» አለኝ።

አልተቀመጥኩም። በእናቴ አጥንት እምልልሃለሁ አልተቀመጥኩም። ግን ወዲያው እምቢ አላልኩም፣ ያንን አልደብቅህም፣ እጄን ኮርቻው ላይ አሳርፌ ቆየሁ፣ ቆዳው ሙቅ ነበር፣ ሽታውንም ለማሽተት ብዬ ሳብኩ፣ ምንም አልሸተተኝም።

ዛሬ ከሥራ ስወጣ አንድ ሾፌር ጠዋት ወደ ሮቤ እንደሚሄድ ነግሮኝ «ቦታ ልያዝልህ ወይ?» አለኝ። እስካሁን መልስ አልሰጠሁትም።